በሳፋ የለወጥኩት ቀሚስ

እናቴ ስትሞት አባቴን ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር አምጥቼ እኔ ዘንድ አኖርኳቸው። ቤቴ ጠባብ ነው፤ አንድ ቀን እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ የማያስፈልገውን ሁሉ ላወጣ ተነሳሁ። አልጋቸው ሥር ያገኘሁትን የአሮጌ ልብስ ጥቅልም ሳልፈታ ለልዋጭ ሰጥቼ ሁለት ሳፋ ተቀበልኩ። ቤቱ ሰፋ ሲልልኝ ደስ አለኝ።

አባቴ እንደገቡ ጎንበስ ብለው አልጋው ሥር ፈለጉ። «ጥቅሌ የት ሄደ?» አሉኝ።

«አሮጌ ነው ብዬ በሳፋ ለወጥኩት፣ አባባ።»

ቀና ብለው፣ «የእናትሽ ቀሚስ ነበር» አሉ።

ልዋጩን እስከ መናኸሪያ ድረስ ሮጬ ፈለግኩት፤ አጣሁት። ስመለስ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆመዋል።

«ወዴት ነው፣ አባባ?»

«ወደ አገሬ። እኔም አሮጌ ነኝ፣ ልጄ። ሳትለውጪኝ ልሂድ።»

እግራቸው ላይ ብወድቅ አልፈውኝ ወጡ።