አንጀትህን ረሳሁት

ደሴ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የልብ ሕመምተኛው ልብስ ሰፊ አቶ ይመር አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል፤ የራሷ መድኃኒት ቤት ያላት ልጃቸው ሰዓዳ ራስጌያቸው ተቀምጣለች።

ይመር፦ እንዳትናገሪ ብያለሁ። አለቀ!

ሰዓዳ፦ አባዬ፣ ሐኪሙ እኮ ጨጓራ ነው ብሎ ሄደ!

ይመር፦ ይበል። ደሴ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ?

ሰዓዳ፦ ሌላ የወሰድከው መድኃኒት አለ ወይ ሲልህ ለምን የለም አልክ?

ይመር፦ አንቺስ ለምን ዝም አልሽ? በይ እንግዲህ። እኔ ዋሸሁ፣ አንቺ ዝም አልሽ። ተስማምተናል ማለት ነው።

ሰዓዳ፦ «አንቺም የሙያችን ሰው ነሽ» ሲለኝ አፌ ተሳሰረ።

ይመር፦ ምን አጠፋሽና? ሳል እንቅልፍ ነሳኝ አልኩሽ፣ ክኒን ሰጠሽኝ፣ ሳሉ ጠፋ።

ሰዓዳ፦ አንተም አብረህ ልትጠፋ ነው።

ይመር፦ ኧረ ደግ ደጉን አውሪ!

ሰዓዳ፦ እውነቱን ንገረኝ። ያ መጋረጃ ምን ቀለም ነው የሚታይህ?

ይመር፦ ቢጫ ነዋ።

ሰዓዳ፦ ነጭ ነው፣ አባዬ።

ይመር፦ ነጭ? … ጠዋት የሲስተሯም ጋዋን ቢጫ ሆኖብኝ፣ ደንብ ልብስ ቀየሩ እንዴ ብዬ ነበር።

ሰዓዳ፦ የልብ መድኃኒትህ ደምህ ውስጥ በዝቶ ነው። ማቅለሽለሹም ከእሱ ነው።

ይመር፦ በምን ይበዛል? እንደ ድሮው ያችኑ ክኒን ነው የምውጠው።

ሰዓዳ፦ የምትውጠው አልተለወጠም። የሚቀንስልህ ነው የሞተው።

ይመር፦ ማን ሞተ ደግሞ?

ሰዓዳ፦ አንጀትህ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች። መድኃኒት የሚሰባብረው ጉበታችን ብቻ አይደለም። ጉበት ኢንዛይም የሚባል ነገር አለው፤ ባክቴሪያዎቹም የራሳቸው አላቸው። ተጋግዘው ነው የሚሠሩት። አንዳንድ ሰው ላይ ያንተን ዓይነት የልብ መድኃኒት ከፊሉን እነሱ ናቸው የሚያከሽፉት። አንተም እንደዚያ ሳትሆን አትቀርም። መጠኑ የተስተካከለልህ እነሱ እያሉ ነው፤ እኔ ደግሞ ለሳልህ በሰጠሁህ ፀረ ባክቴሪያ ክኒን ፈጀኋቸው።

ይመር፦ እኔ ብቻዬን የምበላ ይመስለኝ ነበር!

ሰዓዳ፦ አትቀልድ! ኩላሊትህን አሰብኩ፣ ጉበትህን አሰብኩ፤ አንጀትህን ረሳሁት። የማላውቀው ሰው ቢሆን መጽሐፍ ገልጬ አይ ነበር። ያለ ሐኪም ማዘዣም አልሰጠውም ነበር። አባቴን አውቀዋለሁ ብዬ …

ይመር፦ አታልቅሺ። ሰው ያያል።

ሰዓዳ፦ ሲስተሯ የልብ ክኒንህን ይዛ ትመጣለች። አሁን ብትደግመው ልብህ ቀጥ ሊል ይችላል።

ይመር፦ አልውጠውማ! ምላሴ ሥር ይዤ ዞር ስትል እተፋዋለሁ።

ሰዓዳ፦ እስካሁን የዋጥከውስ? ደምህ መመርመር አለበት፤ ልብህን በማሽን መከታተል አለባቸው። ሳያውቁ እንዴት ያድኑህ?

ይመር፦ ከተናገርሽ ፈቃድሽን ይቀሙሻል። ያችን ቤት ለመክፈት የሆንሽውን የማውቅ እኔ ነኝ።

ሰዓዳ፦ ይቀሙኝ ይሆናል።

ይመር፦ እንግዲያው ስሚኝ። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ተቀብዬ ዋጥኩ እላለሁ። እኔም እታከማለሁ፣ አንቺም ትተርፊያለሽ። አንድ ሽማግሌ ቂል ነው ቢባል ምን ይጎድላል? የክኒኑን ስም ብቻ ንገሪኝ።

ሰዓዳ፦ … ክላሪትሮማይሲን።

ይመር፦ ክላሪ … ይሁን፣ ግማሹን ይዣለሁ። እንኳን አላንገራገርሽ። ይኸው መጣች፤ እንባሽን ጥረጊ። ሲስተር! ነይማ ልጄ፣ ከጎረቤት ተቀብዬ የዋጥኩት መድኃኒት አለ።

ሰዓዳ፦ ሲስተር፣ ያንን ክኒን እንዳትሰጪው፤ ሐኪሙን ጥሪልኝ። መድኃኒቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።