የሳሌሃ ኮምፒውተር ለምን ዘገየ?

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ዲናችን አቶ ሙዝደሊፋ፤ ለአንድ የኮምፒውተር ክፍል ቴክኒሻን ጡረታ ይህን ሁሉ ሰው ስለሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ክትፎው ሲገባ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አላስረዝምም።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሳሌሃ በዚያ በአዲሱ ኮምፒውተር የተነሳ ስሟ ጠፍቷል።

እንደምታውቁት የእኛ ኮምፒውተሮች ማታ ሥራ ፈትተው አያድሩም። ውጭ አገር ያሉ የመድኃኒት ተመራማሪዎች ትልቁን ስሌት ቆራርሰው በኢንተርኔት ይልኩልናል፤ የእኛዎቹ ሠርተው መልሱን ይልካሉ። በነፃ! ያው ደቦ ነው፤ በሬ የለውም እንጂ።

የንብረት ክፍሏ ሳሌሃ ተሟግታ አዲሱን ያስገዛች ጊዜ፣ እኔ ደግሞ ሳልነካካ አያስችለኝም፣ ከአሮጌው ጋር አወዳደርኩት። ለሁለቱም እኩል ሥራ ሰጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ማን ቢቀድም ጥሩ ነው? አሮጌው! ያ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራው! ደገምኩት፤ አሁንም አሮጌው።

«ሳሌሃ ተሸወደች» ተባለ። ከዚያም ባሰ፤ «ከነጋዴው ጋር ተስማምታ ነው» ተባለ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ መጣች። «ጋሽ ዱባለ፣ ወላሂ ምንም አልደበቅኩም። ለምን እንደሚዘገይ ይፈልጉልኝ» አለችኝ።

ምን ያልፈተሽኩት አለ? ሜሞሪው ደህና፣ ኔትወርኩ ደህና። ቀን ቀን እሳት ነው፤ ማታ ማታ ይደክማል። ይሄ ምን የሚሉት ነው?

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ሳሌሃ እንደ ልማዷ አዲሱን ልታለብሰው ከፋይ ጨርቁን አነሳች፤ የቡታጅራ አቧራ እንዳይነካው። እጇን ያዝኳት።

«ቆይ እስቲ! አሮጌውንስ ማን ያለብሰዋል?»

«ለእሱማ ማን ጨርቅ ያባክናል!»

ጉድ ነው! ሁላችንም እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ስናለብሰው ነው የከረምነው። ኮምፒውተር ሲሠራ ይሞቃል፤ ሲታፈን ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ገልጠነው ሄድን። በማግስቱ አሮጌው ግማሹን ሳያደርስ አዲሱ ጨርሶ ሌላ ሥራ ይዟል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ፣ ለአንድ ሥራ የትኛው ያነሰ መብራት ይበላል የሚለው ነው። መለኪያውን ለሳሌሃ ትቼላታለሁ፤ በመጠየቅ ከእኔ ብሳለች።

እኛ ስቀን ረሳነው። እሷን ግን ሲያሟት ግቢው ሁሉ ሰምቷል፤ ንጹሕ መሆኗን ማን ሰማ? ዛሬም ክበብ ስትገባ ወሬ የሚያቋርጥ አለ። ያናድደኛል!

በሉ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ የሚተካኝንም ከእኔ የተሻለ ያድርገው።

ሳሌሃ፣ ነይ አጠገቤ ቁሚ። ክቡር ዲን፣ ማይኩ ይኸውልዎ፤ ምንም ጥፋት እንደሌለባት እርስዎ ይንገሯቸው።