ሐብሉ ሁለት ይሁንልኝ

ለእረፍት ሰቆጣ በገባሁ ማግስት ምን ቢገጥመኝ ጥሩ ነው? ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ወርቅና መዳብ አዋሕጄ፣ ከጥቂት አቶሞች የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች እንደማዘጋጅ አባቴ አውርቶ ኖሯል። ጎረቤታችን፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ቤት ድረስ መጡ። ለምራታቸው በጥሎሽ የሚሰጠውን የወርቅ ሐብል ከኪሳቸው አውጥተው፣ «ልጄ፣ መዳብ ጨምረሽ ሁለት አድርጊልኝ። አንዱን ለሷ እሰጣለሁ፣ አንዱ ይቀመጣል። ማን ያውቃል?» አይሉኝም!

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ በሠርጓ ቀን ሊያታልሏት ነው? እኔ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም!» አልኳቸው። እሳቸው ምን ገዷቸው! ወደ አባቴ ዞረው፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ተማረች?» አሉ። እሱስ ይሁን፤ ይበልጥ ያንገበገበኝ አባቴም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኑን እኔ ላይ መትከሉ ነው።