የእሁዱ ግብዣና የሰኞው ጥናት

በሰው አገር የአበሻ ምግብ ቤት በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ከሚባለው ጎዳና በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከኋላዬ አንድ ሰውዬና የወንድማቸው ልጅ የሆነች ወጣት በአማርኛ ያወራሉ። ጆሮዬ ሚስቴ ስትጠራኝ ይደክማል፤ ለሰው ወሬ ግን ገና ጎረምሳ ነው።

«ለከተማው ካውንስል የሚወዳደረውን ሰውዬ እሁድ ምግብ ቤቴ ጠርቼዋለሁ። በግ አሳርዳለሁ።»

«ጋሼ፣ ሰኞ እኮ የመሥሪያ ቤታችንን ጥናት የማቀርበው እኔ ነኝ። ታይፕ አድርጌ ጨርሻለሁ።»

«የምን ጥናት?»

«ለተወዳዳሪ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ልክ ይኑረው፣ የሰጪውም ስም ይታወቅ የሚል። ግብዣም ይቆጠራል።»

«እንግዳ ማብላት ጉቦ ሆነ?»

«ጉቦ አላልኩም። ሪፖርት ይደረግ ነው ያልኩት።»

«ጉርሻውም?»

«ይሳቁብኝ እንጂ። ‹አጎቷ እሁድ አብልቶ እሷ ሰኞ ትከለክላለች› ካሉኝ ማን ይሰማኛል?»



«መሥሪያ ቤትሽ የየትኛው ፓርቲ ነው?»

«የማንም አይደለም። መሃል ነን።»

«እንግዲያው ተቀናቃኙንም እጠራለሁ። ከአንድ ትሪ ይብሉ።»

«ሪፖርቱስ?»

«የሁለቱንም በስሜ ጻፊው። የጠራሁትን እንግዳ አልመልስም፤ አንቺንም አላሳፍርሽም።»

«እሺ ጋሼ። በጉም ግን ልክ ይኑረው።»

መውረጃዬን ካለፍኩ በኋላ እንኳ፣ ማንም ያልጠራኝ እኔ፣ ከየትኛው ተወዳዳሪ ጎን ብቀመጥ ጎድኑ ይቀርበኛል እያልኩ አስብ ነበር።