ጋሼ ቀስ ከግራይንደሩ ሲነሣ

መጀመሪያ፣ እዚያ ጥግ ኬኩን ያለ ፈቃድ የጀመራችሁ በያጆች ወደዚህ ዙሩልኝ። ንግግር የምታደርገው እሷ ናት ሲባል «በቃ፣ ትራስ ይዘን እንምጣ» ያለው ማን እንደሆነም ደርሶኛል። አሳጥራለሁ። እንዲያጥርልኝ ብዬ ነው በወረቀት የጻፍኩት። ሁለት ገጽ ይሆናል ያልኩት አምስት ስለሆነ ግን እንግዲህ ቻሉኝ።

ጋሼ ቀስ፣ አንተም ቀና በል። ዛሬ የጡረታህ ሽኝት ነው፤ የሠርግህ ቀን ይመስል አታቀርቅር።

ይህ ሰው እዚህ ግቢ የገባ ቀን ጥበቃ የጠራሁበት እኔ ነኝ። ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ያኔ የስቶሩ ቁልፍ የእኔ ነበር። ጠዋት ቆጠራ ላይ እያለሁ አንድ ቀጭን ሰው ብቅ አለ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በደረት ኪሱ የእንጨት እጀታ ያላት ካቻቢቴ ሰክቷል።

«አዲሱ የግራይንደር ሠራተኛ ነኝ። ድንጋዮቹን አሳይኝ።»

ቤተሰቦቹ እንዳይደናገሩ ልንገራችሁ፤ እኛ ድንጋይ የምንለው እንደ ጎማ ክብ የሆነውን፣ ግራይንደር የሚባለው ማሽን ላይ እየተሽከረከረ ዕቃውን የሚሞርደውን ነው።

«የትኛውን ልስጥህ?» አልኩት።

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ምን ልታደርጋቸው?»

«ላዳምጣቸው።»

አርባ ሁለት ድንጋይ አወጣሁለት። አንድ በአንድ ጣቱ ላይ እያንጠለጠለ በካቻቢቴው እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ጥንንን ሲል ፈገግ ብሎ ያስቀምጠዋል። ሦስቱ ግን እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ዷ አሉ። «መዶሻ አለሽ?» አለኝ። እኔ ሞኟ ሰጠሁት! ሦስቱንም ከስክሶ አስቀመጣቸው።

ወጥቼ ሮጥኩ። «ጥበቃ! ከድንጋይ ጋር የሚያወራ ሰው ገብቶ ንብረት እየሰበረ ነው!»

ጥበቃው ዱላውን ይዞ ሲደርስ ይኸኛው ፍርስራሹን እየጠረገ ነው። «ወንድሜ፣ ቀስ በል» አለው። «ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ በሙሉ ፍጥነቱ ሲሽከረከር ከተበተነ ያቺ ዱላህ አታስጥልህም። ሳልሰብር ብጥለው ደግሞ ነገ አንዱ አንሥቶ ይገጥመዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ድንጋዮቹ ላይ ይሄን የሚያህል የብረት ሞርሳ የጫነው ማነው?»

ዝም አልኩ። በሕይወቴ ዝም ያልኩበት የመጀመሪያው ቀን እሱ ነው፤ ምስክሮች አሉኝ። ለጥበቃው «ቀስ በል»፣ ለእኔ «ቀስ በይ»፣ ሊያዩት ለመጡት አለቃም «ቀስ ይበሉ» ስላለ ምሳ ሳንበላ ስም ወጣለት።

የሱ ክፍል ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ብረት አይደለም። ሴራሚክ፣ ብረት የሚቆርጠው ካርባይድ፣ ወፍራም መስታወት፤ ጠንካራ የተባለ ሁሉ እዚያ ይገባል። ጥንካሬያቸው ግን ለወሬ ነው እንጂ ትንሽ ከተጫኗቸው ወይም ሞቀው ሳለ ውሃ ከነካቸው እንደ ስኳር ይሰባበራሉ። ስለዚህ እዚያ ክፍል ሁሉም ነገር ሕግ አለው። አዲስ ድንጋይ ከተገጠመ ከፊቱ ማንም አይቆምም፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ባዶውን ይሽከረከራል። ሥራ አስኪያጃችን፣ ያንን ቀን ላንሣው? ትላልቅ እንግዶች ይዘው ሲገቡ ጋሼ «ወደ ጎን!» ብሎ ሁላችሁንም ግድግዳው ላይ ደረደራችሁ። ከእንግዶቹ አንደኛው ፎቶ ሊነሣ መስሎት ኮቱን ቆለፈ።

የአልማዙ ድንጋይ ጉዳይማ ሌላ ነው። ፊቱ ላይ የአልማዝ ዱቄት ስላለው ለጋሼ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው። አንድ ቀን የበያጆቹ አለቃ መሮውን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺን አንዴ ብቻ ነካ ላድርጋት።»

«መሮህ ብረት ነው?»

«ታዲያ ቅቤ ሊሆን ነው?»

«ብረት አልማዙን ይበላዋል፤ ፊቱንም ይደፍነዋል። ሂድ ወደ ተራው ድንጋይ።»

«ኧረ ጋሼ! አልማዝ የማይችለው አለ እንዴ?»

«ሚስትህም ጠንካራ ናት። ግንብ ታስገፋታለህ?»

በማግሥቱ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ቀብቶ፣ በትልቁ ጽፎ ለጥፎ አገኘነው፦ ብረት የያዘ ሰው ከዚህ አይለፍ። የጽዳት ሠራተኛችን ባልዲዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ሁለት ቀን ሙሉ ክፍሉን ሳትጠርግ ቀረች። «እኔ ጣጣ አልፈልግም» ነው ያለችው።

ባለቤቱንም እናመስግናት እንጂ። እህቴ፣ የነገርሽኝን ልናገርብሽ ነው። የሽንኩርት ቢላዋዋ ደንዝዞ «እስቲ ሳልልኝ» ብትለው ሦስት ሳምንት አቆየው። «ምነው?» ብትለው «የሚስማማው ድንጋይ አልተገኘም» አላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽንኩርቱን ጎረቤት ሄዳ ስትከትፍ ኖረች።

እሺ፣ ሳቃችሁን ዋጥ አድርጉልኝ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

የዛሬ ሰባት ወር ማስታወቂያው የተለጠፈ ቀን ሁላችሁም አላችሁ። ጋሼ ጡረታ ሲወጣ ተተኪ ስላልተገኘ የጠንካራ ዕቃ መሞረጃ ክፍል ይዘጋል፤ ሥራው ወደ ውጭ ይሰጣል፤ እዚያ ያሉት ሁለቱ የጥራት መርማሪ እህቶቻችን ወደ ማሸጊያ ይዛወራሉ። ያን ቀን ጋሼ አንብቦ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። ከዚያ ማሽኑ ጋ ሄዶ ንጹሑን ማሽን ደግሞ ጠረገው። እኔ ግን ቁልፌን ይዤ ቀጥ ብዬ ቢሮ ገባሁ።

«እኔ ልማር» አልኩ።

ሥራ አስኪያጃችን በደንብ አዩኝ። «በአርባ ስምንት ዓመትሽ? ከስቶር ወደ ግራይንደር?»

«ድንጋዮቹን ሁሉ በፊደላቸው አውቃቸዋለሁ።»

«ማወቅና መሥራት አንድ ነው? እሺ ይሁን። ጋሼ ከመውጣቱ በፊት የፓምፕ ቀለበቶቹን አንድም ሳትሰብሪ ለብቻሽ ካወጣሽ ክፍሉ ይቀጥላል። ካልሆነ ግን እንዳታዝኝብኝ።»

በደስታ ወደ ጋሼ በረርኩ። እሱ ደግሞ ምን አለኝ? «አይሆንም።»

«ለምን?»

«ወሬሽ ከድንጋዩ ድምፅ ይበልጣል። እዚህ ሥራው የሚነገርሽ በጆሮ ነው። አንቺ መቼ ፋታ ሰጥተሽው ይናገራል?»

ተቀየምኩት። ሦስት ቀን ኩርፊያዬን ተሸክሜ ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ተመልሼ «ድንጋዩ ሥራ ላይ እያለ አንድ ቃል ከወጣኝ አባርረኝ» አልኩት። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ጊዜ ተባረርኩ። አንዴማ ያባረረኝ ስላስነጠስኩ ነው። «ማስነጠስ ወሬ ነው?» ስለው «ያንቺ ነው» አለኝ።

አሁን የምነግራችሁን ስህተት ደግሞ ከስቶር ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። ድንጋይ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ አይደል? ከፊደሉ መጀመሪያ ያለው ለስላሳ ነው፣ ወደ መጨረሻው ያለው ጠንካራ። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ከባድ ሥራ ነው ያለኝን ሁሉ ከመጨረሻው መደርደሪያ ሳድለው ኖሬአለሁ። ጠንካራ ለጠንካራ ነው፣ ሌላ ምን አለው ብዬ። ለመለማመጃ የሴራሚክ ቁራጭ ሲሰጠኝም ለሴራሚክ ከሚሆኑት አረንጓዴ ድንጋዮች በጣም ጠንካራውን መርጬ ገጠምኩ። ጋሼ አየኝ፤ አላስቆመኝም። ትንሽ እንደሄደ ድንጋዩ ፊቱ እንደ መስታወት አብለጨለጨ። መቁረጡን ትቶ ማሸት ጀመረ። ሴራሚኩ ጋለ፣ ከዚያ ቀጭ! ሁለት ቦታ።

ማሽኑን አጠፋና ድንጋዩን በጣቱ አስነካኝ። «ጥርሶቹ ደንዝዘዋል። ለጠንካራ ሥራ ለስላሳ ድንጋይ የምንሰጠው፣ የደነዘዘው ጥርስ ቶሎ ረግፎ ከሥሩ ስለታሙ እንዲወጣ ነው። ይኸኛው ጠንካራ ስለሆነ የደነዘዘውን ጨብጦ አልለቅም ብሎ ሥራሽን ፈጀው።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ምን ስሰጥ ኖርኩ? እሱ ግን ሎከሩን ከፍቶ አንድ የብስኩት ጣሳ አወጣ። በሴራሚክና በካርባይድ ስብርባሪ እስከ አፉ ሞልቷል። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ በእጁ ጽሑፍ ከነቀኑ፦ «ውሃ ዘገየ።» «ቸኮልኩ።» «በመጨረሻዋ ጠርዝ ፍጥነት አልቀነስኩም።» «ከቤት ተናድጄ መጣሁ።»

«ይሄ ሁሉ ያንተ ነው?»

«የሌላ ሰው ስብራት አልሰበስብም።»

እህቴ፣ «ከቤት ተናድጄ» ያለውን ቀን ጣሳው ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ስንወጣ እነግርሻለሁ።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ለልጄ የነገርኳት ስለ ድንጋይ አልነበረም። እዚህ ግቢ ውስጥ አንድም ቀን ተሳስቶ የማያውቅ መስሎን የምንፈራው ሰው የተሳሳተውን ሁሉ ቀን ጽፎበት አስቀምጦታል አልኳት።

ባለፈው ማክሰኞ የፈተናው ቀን ደረሰ። ስድስት የሴራሚክ ቀለበት፤ ፓምፕ ውሃ እንዳያንጠባጥብ የሚዘጉ ናቸው። ትርፍ የለም። ሥራ አስኪያጃችን በር ላይ ቆመዋል። ሁለቱ እህቶቻችን ከመስታወቱ ወዲያ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ኪሱ ከቷል። ከአልማዞቹ ደቃቁን መረጥኩ። ገጠምኩ፤ ደቂቃውን ጠበቅሁ፤ ውሃውን በደንብ ለቀቅሁና ጀመርኩ። ሦስቱ እንደ ጸሎት በጸጥታ ወጡ። አራተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ሺሺ ይል የነበረው ማፏጨት አመጣ። ወደ ጋሼ አላየሁም። ማሽኑን አጠፋሁት።

«ተበላሸ?» አሉ ሥራ አስኪያጃችን። ክው ብለው ነበር፤ አሁን ቢክዱም።

«አልተበላሸም። ድንጋዩ ደንዝዟል።»

ነጭዋን መጥረጊያ ድንጋይ አንሥቼ ፊቱን አደስኩት። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። አንገቴን ላብ ሲወርደው ይሰማኛል። እንደገና አስነሣሁ፤ ሺሺ አለልኝ። አራተኛው ወጣ፣ አምስተኛው ወጣ። ስድስተኛው መጨረሻ ላይ፣ ድንጋዩ ከጠርዙ የሚወጣባት ቦታ፣ ብዙ ቀለበት የሚሸረፈው እዚያ ነው፣ እጄን የተኛ ሕፃን ክፍል በር እንደሚከፍት ሰው አለዘብኩት። ወጣ። ሙሉ! እህቶቻችን በማጉያ መነጽር አዩት፤ አንድ ሽርፍ የለም። አንደኛዋ ብድግ ብላ ጨፈረች። እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሦስት ቃል ብቻ ተናግሬአለሁ። ልጄ እስከ አሁን አላመነችኝም።

ጋሼስ ምን አለ? «ውሃውን ዝጊና ድንጋዩ ትንሽ ይሽከርከር፤ ውሃ ተሸክሞ እንዳያድር።» በቃ፣ ያ ነው የምርቃቴ ንግግር! ሥራ አስኪያጃችን «ክፍሉ አይዘጋም» ሲሉ ግን ተነሣ። «አይዘጋም?» አለ። «አይዘጋም።» በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «እንግዲህ አይዘጋም ማለት ነው?» «ጋሼ፣ አይዘጋም አልኩህ እኮ!» መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፊቱን ብዙ ታጥቦ ሲወጣ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሦስተኛ እኔን በጆሮዬ ጠየቀኝ።

ጋሼ፣ ስላስተማርከኝ አመሰግንሃለሁ። ስላባረርከኝም። ሃያ አራት ዓመት እዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሳይጠፋ፣ ጣቱ ሳይቆረጥ ወደ ቤቱ የገባው አንተ ጠዋት ጠዋት ያቺን ካቻቢቴ ይዘህ ስለምትዞር እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የገባንም ያልገባንም ሁላችን እናመሰግንሃለን።

በሉ፣ ብርጭቆ ያልያዘ ይያዝ። በያጆች፣ ኬኩን አስቀምጡና ተነሡ። እግርህ እንዳሻው ይሂድ፤ እንቅልፍህ ይጣፍጥ፤ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቁርስ የምትበሉበት ብዙ፣ ብዙ ጠዋት ይስጣችሁ። የልጅ ልጆችህን ለማቀፍ ጉልበቱን አያሳጣህ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ሲሆን አልጋህ ላይ እንዳለህ ሰዓቱን አይተህ «ማሽኑን ማን አስነሣው ይሆን?» ብለህ እንዳትጨነቅ። እኔ አስነሣዋለሁ። ማክሰኞም እኔ ነኝ። ክፍሉ ክፍት ነው።

ለጋሼ!