የጋሽ ፈንታ ደወልና የነዕማ ማንጎ

ጋሽ ፈንታ ከወሎ በሰፈራ መጥተው አሶሳ የሸበቱ፣ ሰው የሚወዳቸው ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ በእግራቸው ሩቅ አይሄዱም፤ ብስክሌት ላይ ሲወጡ ግን ሕመሙ ይተዋቸዋል። ካማሺ የምትኖረው ልጃቸው ሐኒ «አባዬ፣ አስፋልት ላይ ወጡ ሲሉ ብሰማ መጥቼ ብስክሌቱን እነጥቅዎታለሁ» ብላ ስላስማለቻቸው፣ ቃላቸውን አክብረው በእግረኛ መንገድ ላይ ይነዳሉ። ቃል ማክበር መልካም ነው፤ እግረኛው ግን ይህን ቃል አልሰማም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማንጎ ሻጯ ነዕማ በትከሻዋ ባጋደመችው እንጨት ግራና ቀኝ ሁለት ቅርጫት ማንጎ አንጠልጥላ ፊት ፊታቸው ትሄድ ነበር። ጋሽ ፈንታ ደወላቸውን አንቃጨሉ። እሷ ደንግጣ ዞር ስትል እንጨቱም አብሯት ዞረ፤ ሽማግሌው በአንድ ወገን፣ ማንጎው በሌላ ወገን ተዘረገፉ።

«ወላሂ ጋሽ ፈንታ፣ እኔ ጀርባ ላይ ዓይን የለም!» አለች ነዕማ፤ ያም ሆኖ ከማንጎው በፊት እሳቸውን አነሳች።

መምህርት የሆነችው ልጇ ኢንቲሳር ይህን ጊዜ ብስክሌቷን በአስፋልቱ እየነዳች ደረሰች። ማንጎውን እየለቀመች «ጋሽ ፈንታ፣ ለምን ወደ አስፋልቱ አይወጡም?» ስትል በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፣ ባጃጁን አታዪም? ከነሱ ጋር ምን አጋፋኝ! እዚህ ማንም አይነካኝም።»

«እርስዎን ባይነካዎት፣ እናቴንስ?»

ጋሽ ፈንታ አፈሩ። ይሁን እንጂ ሽማግሌ ቶሎ አይረታም። «እንግዲህ ቀስ ብዬ እነዳለኋ!»

«ለእርስዎም ቢሆን እዚህ ደኅና አይደለም። እስቲ ያንን በር ይመልከቱ።»

ከአንድ ግቢ ባጃጅ እየወጣ ነበር። ነጂው አንገቱን አስግጎ አስፋልቱን ግራና ቀኝ አየ፤ የእግረኛውን መንገድ ግን ዞር ብሎም ሳያየው አቋርጦት ወጣ።

«እርስዎ እዚያ ላይ እየነዱ ቢሆን ኖሮስ?»

ጋሽ ፈንታ ከቤታቸው እስከዚህ ያለውን በር በልባቸው ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ተዉት። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው ለካ! ባጃጅ ሸሽቼ ባጃጅ የሚወጣበት በር ላይ ስመላለስ ከርሜ!»

«ነጂ የሚጠነቀቀው ለሚያየው ሰው ነው። በቀኝ በኩል ቀጥ ብለው ይንዱ፤ ሲታጠፉ እጅዎን ይዘርጉ። የሚያስፈራ ቦታ ከገጠመዎት ወርደው ይግፉት፤ ያን ጊዜ እግረኛ ነዎት።»

«ሐኒስ?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ብስክሌቴን ከወሰደችብኝ ቤት መዋሌ ነው።»

«ያስማለችዎ እንዲተርፉላት ነው እኮ። እንደውልላት።»

ኢንቲሳር የበሩን ነገር አስረዳቻት። ሐኒም «እስኪለምዱት ከፊት ማን ይመራቸዋል?» አለች።

«እኔ።»

«እንዲያ ከሆነ ይውጡ።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፈንታ በአስፋልቱ ቀኝ በኩል ቀጥ ብለው ይነዳሉ፤ ባጃጆቹም ከሩቅ አይተዋቸው ፈቀቅ ብለው ያልፋሉ። ሐኒ ሥጋቷ ቀለለላት፤ እግረኛውም መንገዱ ተመለሰለት። ትናንት ነዕማን በአጠገቧ ሲያልፏት ጮክ ብላ ጠራቻቸው።

«ጋሽ ፈንታ! ዛሬ ደወል የለም?»

«ላንቺ የለም፤ ለባጃጅ አስቀምጬዋለሁ!»

ነዕማ ሳቀች፤ ዞር ግን አላለችም፤ ማንጎዋን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ገበያ ሄደች።