ጋሽ ሞተር እና ጩኸት የሌለው ማሽን

በሆስፒታላችን የመድኃኒት ቤት ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋሽ ሞተር ከሰው ጋር ሲጋጩ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጠብ ልበለው ክርክር እስካሁን አልለየልኝም።

ጋሽ ሞተር የጄኔሬተራችን መካኒክ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ይመስለኛል። ያን ዕለት ጠዋት መድኃኒት ልረከብ ወደ ዋናው በር ስወርድ፣ አንድ የጭነት መኪና መግቢያው ላይ ቆሟል፤ እሳቸው ደግሞ እጃቸውን በቱታቸው ኪስ ከተው ከፊቱ ተገትረዋል። መኪናው የጫነው ፊውል ሴል የሚባለውን፣ ከሃይድሮጅን ጋዝ መብራት የሚያወጣ መሣሪያ፣ የጋዙን ማጠራቀሚያ ሲሊንደሮችና የፀሐይ ሰሌዳዎችን ነበር። ሾፌሩ ቢለምን፣ ዘበኛው ቢማጠን፣ ወይ ፍንክች።

በዚህ መሐል የመኪናው በር ተከፈተና አንዲት ወጣት መሐንዲስ ወረደች። የእህታቸው ልጅ ነበረች። ድንገት ልድረስባቸው ብላ መምጣቷን አልነገረቻቸውም። ጋሽ ሞተር አገላብጠው ሳሟት፤ የእናቷን ጤና ጠየቁ፤ መክሳቷን ነግረው ገሠጿት። ከዚያ ተመልሰው መኪናው ፊት ቆሙ።

ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ሄደው ስለነበር ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መኪናው ጥላ ሥር ይቁም፣ እናንተ ደግሞ ግቡና ተነጋገሩ አልኳቸው። እኔም አብሬ ገባሁ፤ ነገሩ ያገባኝ ነበርና። ባለፈው ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ናፍታ የሚያመጣ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ጄኔሬተሩ ቆመ። ማቀዝቀዣው ሞቀና የአካባቢውን ሕፃናት ክትባት በሙሉ በገዛ እጄ አስወገድኩ። ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ሁለት ጨቅሎች ነርሶቹ ከማሞቂያው አውጥተው በእናቶቻቸው ደረት ላይ አስረው አዳኗቸው። ጋሽ ሞተር ያን ዕለት ባዶውን በርሜል ተደግፈው ቆመው ነበር።

የጄኔሬተሩ ክፍል ወለሉ ዘይት የጠገበ ነው፤ ግድግዳው ላይ ግን የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በነጭ ቀለም ተስሏል፤ ከቦታው የተነሣ ካለ ወዲያው ይታወቃል። እንዲህ ያለ ሰው ያለምክንያት በር እንደማይዘጋ ልጅቷም የገባት ይመስለኛል፤ ለመናገር አልቸኮለችም።

ጋሽ ሞተር በድሮው ነገር ጀመሩ። ከዓመታት በፊት የፀሐይ መብራት ተተክሎላቸው እንደነበር፣ ባትሪዎቹ በዓመቱ ሲሞቱ የሚጠግን ጠፍቶ ዕቃው ከመጋዘኑ ጀርባ እንደበሰበሰ ተናገሩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሞተር በውሃ አስነሣለሁ ያለ ሰው መጥቶ ሁለት ቀን ሲያደክማቸው ውሎ፣ የሠፈር መሣቂያ አድርጓቸው ሄዷል።

እሷም ያ ሰው ዋሽቶ እንደነበር አልካደችም። ውሃ ነዳጅ አይደለም አለች፤ ነዳጁ ፀሐይዋ ናት። ፀሐይ ስትኖር መሣሪያው ጣሪያው ላይ ከሚተከሉት ሰሌዳዎች በሚያገኘው ኃይል ውሃውን ከፍሎ ሃይድሮጅኑን ያጠራቅማል፤ ፀሐይ ስትጠፋ ደግሞ ያንኑ ጋዝ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር አገናኝቶ መብራት ይሰጣል። በዚህ ሂደት ከግማሽ በላይ ኃይል እንደሚባክንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ለዕለት መብራት ባትሪ ይሻላል፤ ይህ የሚያዋጣው ግን መንገዱ ለሚዘጋበት ጊዜ፣ ለረጅሙ ጨለማ ነው አለች። ጋሽ ሞተር ጉድለቱን ራሷ ስትናገር ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ እሷ ጠጋ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ አዲስ ነገር ስለምጠላ አይምሰልሽ» አሉ። «ፍንዳታ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።»

ወጣት ሳሉ ይሠሩበት በነበረ ጋራዥ አብሯቸው የሚሠራ ባልንጀራ ነበራቸው። አንድ ጠዋት ባትሪዎች ቻርጅ ሲደረጉ ወዳደሩበት ክፍል ገብቶ መብራት ሲያበራ ክፍሉ ፈነዳ። ቤንዚን የለ፣ እሳት የለ። ሰውየው አንድ ዓይኑን አጣ።

«አጎቴ፣ ያ የፈነዳው ይኸው ሃይድሮጅን ነው። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ይወጣዋል» አለቻቸው ልጅቷ። «ከዚያ በኋላ እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ማብሪያውን ወደ ውጭ አወጣሁት። ግድግዳውን ከጣሪያው ሥር ቀደድኩት።»

«ለምን ከላይ?»

«ከታች ስቀደው የአሲዱ ሽታ አልወጣ አለኛ።»

«እንግዲያው ሳያውቁት በትክክል ይዘውታል። ይህ ጋዝ በጣም ቀላል ነው፤ መውጫ ካገኘ ሽቅብ በኖ ይጠፋል። ሰው የሚጎዳው ታፍኖ ሲጠራቀም ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ባትሪ ቻርጅ አድርገዋል፤ ሌላ ሰው ተጎዳ?»

«አልተጎዳም» አሉና መነጽራቸውን አወጡ። «እስቲ ንድፉን አምጪው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ ሲያዩት ቆዩ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ሲሊንደሮቹን የምታስገቢበት ክፍል ኮርኒስ አለው። ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መሐል ባዶ ቦታ አለ። ቀላል ነው ያልሽው ጋዝ እዚያ ገብቶ ቢተኛስ?»

ልጅቷ ተነሥታ ሄደች፤ ክፍሉን አይታ፣ ኮርኒሱን በእንጨት አንኳኩታ ተመለሰች። ንድፉን የሠራው ክፍሉን በዓይኑ ያላየ ሰው ነበር። እስክሪብቶዋን አወጣችና ክፍሉን ከንድፉ ላይ ሰረዘችው።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልናገር። ብዙ የተማረ ሰው ያልተማረውን ሲያስተምር አይቻለሁ፤ ከእሱ ሲማር ግን እምብዛም አላየሁም። የጋሽ ሞተር ፊት የተፈታው በማስረጃዋ ብዛት ሳይሆን በዚያች ስረዛ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር የሥራ ንግግር ነበር። ሲሊንደሮቹ ከሕንፃው ርቀው ሜዳ ላይ፣ በአጥር ውስጥ እንዲሆኑ፣ ጋዝ ሲያመልጥ የሚጮህ መሣሪያ እንዲኖር፣ መለዋወጫው አብሮ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ጥገናውን ጋሽ ሞተር ራሳቸው እንዲማሩ፣ የናፍታው ጄኔሬተርም ለመጠባበቂያ ከቦታው እንዳይነሣ ወሰኑ። መኪናው ገባ።

ተከላው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በፈተናው ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የናፍታውን ጄኔሬተር በእጃቸው ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ጸጥ አለ። ጋሽ ሞተር ፊታቸው ጠቆረና «ሞተ» አሉ። ልጅቷ ወደ ጨቅሎቹ ክፍል ወሰደቻቸው። የማሞቂያዎቹ መብራት በርቷል፤ ነርሷ ጄኔሬተሩ መጥፋቱንም ልብ አላለችም። ጋሽ ሞተር ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ሰጥተው ብዙ ቆዩ። ለእሳቸው እኮ ሞተር ካልጮኸ መብራት የለም ማለት ነበር።

በተከታዩ ክረምት መንገዱ አምስት ቀን ተቆረጠ። በአራተኛው ቀን ሰማዩ ጨርሶ ስለተደፈነ ጋዙ ወረደና ናፍታው ግማሽ ቀን ሠራ፤ ከዚያ በቀር አልተነካም። አንድ ብልቃጥ ክትባት አልተጣለም። አንድም ጨቅላ ከማሞቂያ አልወጣም። የማዋለጃው ክፍል መስኮቶች ጭስ ስለሌለ ተከፍተው ዋሉ፤ አራሶቹም ያለ ጩኸት ተኙ።

ክረምቱ ሲወጣ ከሌላ ሆስፒታል አንድ መካኒክ ተልኮ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ እግሩን ገታ አደረገ።

«ይህ ነገር ሰው ሊገድል አይችልም?» ብሎ ጠየቀ።

«ይችላል» አሉ ጋሽ ሞተር ረጋ ብለው። «ናፍታም ይችላል። መብራት መጥፋት ደግሞ ሕፃን ሊገድል ሲል አይተናል። ፍርሃትህን ደጅ ጥለኸው አትግባ፤ ይዘኸው ግባና አንድ በአንድ ጠይቀኝ። መልስ ያጣሁለት ካለ ለእህቴ ልጅ እንደውላለን፤ እሷም ካጣች እንዳትተክለው።»

ሰውየው ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ገባ። እስከ ምሳ ሰዓት ሲጠይቃቸው ቆየ።